ለካ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ መንገዱ ሲታጠፍ፣
ሦስት ማዕዘን ቦታ፣ ማንም የማያርፍ፤
አንድ የጥድ ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ሐውልት፣
ከአንገት በላይ ብቻ ከነሐስ የሠሩት።
«አንጀቱስ?» ብሎ የጠየቀ የለም።
ኮሌታው ውስጥ ዋኔ ጭራሮ ከምራለች፣
ስሙን የምታነብ ይመስል ጎንበስ ቀና ትላለች።

«ዶክተር ልሳነወርቅ» ይላል እብነ በረዱ፤
ከአባቱ ስም ላይ ሁለት ፊደል ወርደው ሄዱ።
ዝቅ ብሎ፦ «የመዲናችንን ዝናብ፣ ከጠብታ እስከ ጎርፍ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የለካ ሳያርፍ።»

የለካ።
ጣቴን በቃሏ ጎድጓዳ ሰድጄ ቆየሁ።
አቧራ ነው ያለው። ሌላ ምንም አላየሁ።

አባቴ ጥላዬ፣ በደመወዝ መዝገብ «ተላላኪ» ነበር።
ልክ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በጣቢያው ቆርቆሮ አጥር
ሾልኮ፣ ብርጭቆውን ካይኑ እኩል አድርጎ፣
ትንፋሹን በጉንጩ እንደ ጥሬ ሸሽጎ፣
«አራት ነጥብ ሁለት» ይላል ለራሱ፤
ይጽፋል፣ ምራቅ በነካ እርሳሱ።
የሰዓት እላፊ ማግሥት፣ የለቅሶ ቀን ይሁን፣
ዝናብ በዓል አያውቅ፣ አይጠብቅም ሰኞን።

ዶክተሩን አላማውም፤ ክፉ ሰው አልነበር፤
ከውጭ አገር ሲመለስ ለአባቴ ብዕር፣
ለእኔ ከረሜላ ያመጣል። ዝርዝሩን ቁጥር ሰፍቶ
ለሰማይ ካባ ያለበሰ እሱ ነው፣ ሌት መብራት አብርቶ።
መርፌው የእሱ ነበር። ክሩ ግን…
ተውኩት።
አባቴ ለካ። ለካ አባቴ።

ደግሞም ለአባቴ ልሟገት አልመጣሁም ዛሬ፤
ዕዳ አለብኝ የራሴ፣ የልጅነት ብድሬ።

ነሐሴ ነበረ። አባቴ በንዳድ ከአልጋው ተጣብቆ
«ሂጂ» አለኝ፣ «ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። አደራ፣ ብርጭቆ!»
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእናቴ ጫማ፣ ለእግሬ ሰፊ።
ሣሩ አዳለጠኝ። ብርጭቆው አልተሰበረም፣
ውኃው ግን ፈሰሰ፤
የአንድ ሌሊት ሰማይ ቀሚሴን አራሰ።

ባዶውን ብርጭቆ ካይኔ እኩል አድርጌ፣
ትንፋሼን ሸሽጌ፣
እንደ አባቴ ቆሜ፣
«አሥራ ሁለት ነጥብ አራት» አልኩኝ በገዛ አቅሜ።

ማንም አልጠየቀኝ። ከመዝገብ ወደ ድምር፣
ከድምር ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ባሕር
ማዶ ተሻገረች ቁጥሬ።
ይኸው እስከ ዛሬ፣ ከዚያ ዓመት ክረምት ውስጥ፣
ያልዘነበ ዝናብ አለ፣
የማይተን፣ የማይሰርግ፣ የማይሰምጥ።

አባቴ ሳልነግረው ሞተ። ዶክተሩም።
የቀረ ጆሮ ቢኖር ይሄ የነሐሱ ነው፣
የወፍ ኩስ ግማሹን የደፈነው።
ተጠግቼ ነገርኩት።

«እትዬ» አለኝ መኪና ጠባቂው፣ ቲኬቱን በላስቲክ እየጠቀለለ፣
«ዘመድዎ ነው እንዴ? አራት ዓመት እዚህ ስቆም
ያናገረው ሰው የለ።»
«ዝናብ ይለካ ነበር» አልኩት።
ሣቀ። «ዝናብ በምን ይለካል? በሜትር ነው በኪሎ?»
ያን ጊዜ መጣ፣ የኪዮስኩን ጣራ እንደ ገብስ ቆሎ
እያንጣጣ።

ልጁ ባዶ ሃይላንዱን ከወገቡ ቆርጦ፣
ከጥዱ ሥር አቆመው በጠጠር አስቀምጦ።
«ከዛፍ ይራቅ» አልኩት።
ይህን ያለው አባቴ ነው፣ በእኔ አፍ።
አራቀው። እኛ ግን ተጠለልን፤ የልጁ ጃኬት፣ የእኔ ነጠላ፣
አንድ የእርጥብ ሱፍ ሽታ፣
የለገሐር ታክሲዎች ጥሩምባ ከሩቅ።

ሲያባራ ሄድኩ። ጉልበቴን ጭቃ ላይ ጣልኩ።
ላስቲኩን ካይኔ እኩል አነሣሁ፣
ትንፋሼን ያዝኩ።
«ስንት ነው?» አለ ልጁ፣ አንገቱን አስግጎ።

ላስቲኩ መስመር የለው።

«አላውቅም» አልኩት፤
በዚያ ጠዋት ማለት የነበረብኝን ነው።